ከተማ የቆረቆረ ጣቢያ፦ የድሬዳዋ ምድር ባቡር የጉዳይ ጥናት

በአገራችን የከተሞች አመሠራረት ታሪክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚገኘው የንጉሥ ወይም የመኳንንት ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የገበያ ሜዳ ነው። በድሬዳዋ የቀደመው ሐዲድ ነው። የጣቢያው ቦታ ተመርጦ፣ መሬቱ ተለክቶና መንገዱ ተቀይሶ ሥራው ሲጀመር ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት ከተማ ገና አልነበረችም። ስለዚህ የዚህን ጣቢያ ታሪክ መጻፍ የአንድን ሕንፃ ዕድሜ ከመቁጠር በጣም ይሰፋል፤ ከተማዋ ለምን ከተራራው ሥር ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ እንደተገኘች፣ ነዋሪዎቿ ለብዙ ትውልድ በምን ሥራ እንደኖሩ፣ ባቡሩ ሲዳከምም ከእጃቸው ምን እንደወጣ አብሮ መመርመርን ይጠይቃል።

ሰዎች ስለ ጣቢያው ሲነጋገሩ በአብዛኛው በዓይነ ኅሊናቸው የሚመጣው አደባባዩን ፊት ለፊት የሚያየው፣ በአማርኛና በፈረንሳይኛ የተጻፈበት የጣቢያው ሕንፃ ነው። ጣቢያው ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ከተማዋን ተሸክሞ የቆየው ግን በሌሎች ሁለት ነገሮች ነበር፤ አንደኛው ማንኛውም ባቡር ድሬዳዋ ላይ መቆም ግድ ይሆንበት የነበረ መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከሕንፃው ጀርባ የተዘረጋው ዋናው የጥገና ወርክሾፕ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ታሪኩን የምከታተለው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው። ቀናቱና ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ባቡሩ ሐረር ያልገባበት ምክንያት

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ የሰጡት የባቡር ውል ለ99 ዓመት እንዲጸና የተፈቀደ ሲሆን፣ መስመሩም ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ፣ ከሐረር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ ካፋና ወደ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። ሐረር በውሉ ላይ በስም የተጠቀሰችው ያለ ምክንያት አልነበረም። የምሥራቁ ንግድ እምብርት፣ የቡናው መሰብሰቢያ፣ የራስ መኰንንም መቀመጫ እርሷ ነበረች።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሲጀመር ግንበኞቹን ያስቸገራቸው በመጀመሪያ በረሃው ነበር። ውኃ እንደ ልብ አይገኝም፣ መስመሩ የሚያልፍባቸው አካባቢዎች አርብቶ አደሮች መሬታቸው ሳይጠየቁ መወሰዱን በመቃወም በሥራው ላይ ጥቃት ይሰነዝሩ ነበር፣ የኩባንያው ካዝናም ገና ከጅምሩ የሳሳ ነበር። ሐዲዱ በረሃውን አልፎ ወደ ተራራው ግርጌ ሲቃረብ ደግሞ ሌላ ፈተና ተደቀነ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ከሥሯ ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ከ600 ሜትር በላይ የሆነ ገደል በእንፋሎት ባቡር ለመውጣት ብዙ ድልድይ፣ ብዙ ጥምዝና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ ኩባንያው ግን ገንዘቡ አልነበረውም። በመሆኑም መስመሩ ሐረርን በስተደቡብ ትቶ ከተራራው ሥር ሥሩን እንዲሄድ፣ ለሐረር የሚያገለግለውም ጣቢያ በደቻቱ ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ እንዲቆም ተወሰነ። ቦታው ለጥ ያለ ነው፤ የደቻቱ አሸዋም ከላይ ደርቆ ሲታይ ከሥሩ ሲቆፈር ውኃ ይሰጣል። ለእንፋሎት ባቡር ደግሞ ውኃ ማለት ነዳጅ ያህል ነው።

ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ገደማ (እ.ኤ.አ. በ1902 ማብቂያ ላይ) ነው። አዲሱ ሰፈር መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር፤ ይህም ጣቢያው በማን ስም እንደተሠራ ያሳያል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለከተማዋ ዕጣ ፈንታ ከቦታው መረጣ የማይተናነስ ክብደት አለው። ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት የገንዘብ ድጎማ ለማግኘት የገባው ስምምነት ባቡሩን በተዘዋዋሪ ከአንድ ባዕድ መንግሥት እጅ ስላስገባው አፄ ምኒልክን አስቆጣ። እንግሊዝና ጣሊያንም ፈረንሳይ ብቻዋን መስመሩን እንዳትይዘው ይሟገቱ ጀመር። በዚህ መካከል ኩባንያው ከስሮ፣ በ1900 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ እስኪተካ ድረስ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ አንድም ሐዲድ አልተነጠፈም። ሥራው ቀጥሎ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ድሬዳዋ ለ7 ዓመት ያህል የመስመሩ ማብቂያ ሆና ቆየች። ከጅቡቲ የመጣው ጨርቅ፣ ጨውና መሣሪያ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው፣ ከደጋው የወረደው ቡናና ቆዳም ባቡር የሚሳፈረው እዚያው ነበር። ጉምሩኩ፣ መጋዘኑ፣ የግሪኩ፣ የአርመኑ፣ የሕንዱና የየመኑ ነጋዴ ሱቅ፣ የተሸካሚውና የነጋዴው ማደሪያ በአንድ ጊዜ ተተከሉ። መስመሩ ሳይቆም በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ቢያልፍ ኖሮ፣ ድሬዳዋ እንደ ኤረር ወይም እንደ አፍደም ባቡር ውኃ ቀድቶ የሚያልፍባት ትንሽ ጣቢያ ሆና ትቀር ነበር ብዬ አምናለሁ። የኩባንያው ኪሳራ ለባለ አክሲዮኖቹ ጥፋት ቢሆንም ለከተማዋ ግን መተከያ ጊዜ ሰጣት።

ሁሉም የሚያድርባት ከተማ

ጣቢያው የተሠራው ከደቻቱ በስተምዕራብ በኩል ነው። በዚያ በኩል ያለው ከዚራ በኩባንያው ፕላን መሠረት ከጣቢያው አደባባይ በሚነሱ፣ ዛፍ በተተከለባቸው ቀጥ ያሉ መንገዶች ተሠራ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መኖሪያዎችም እዚያ ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ በነዋሪውና በነጋዴው እጅ፣ ቀፊራን በመሰለ ገበያ ዙሪያ እየጠበበና እየተጠማዘዘ አደገ። ሁለቱ ሰፈሮች መልካቸው ለየቅል ይሁን እንጂ የኑሯቸው ሰዓት አንድ ነበር፤ ባቡር ሲገባ ሁለቱም ይነቃሉ።

መስመሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም የድሬዳዋ ዕድል አልተዘጋም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡር የሚሄደው በቀን ብቻ ስለነበር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ወደ 784 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ 3 ቀን ይፈጅ ነበር። ተጓዡ የመጀመሪያውን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ዋና ከተማው ይገባል። ከባሕር ማዶ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ዲፕሎማት፣ ሐኪም፣ መምህር ወይም ጋዜጠኛ አገሪቱን መጀመሪያ የሚያውቃት በድሬዳዋ ሌሊት ነበር ማለት ይቻላል። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በዚሁ መስመር አለፉ፤ በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለዘውድ በዓላቸው የተጠሩት የውጭ አገር ልዑካንም እንዲሁ።

ይህ የግድ ማደር ለከተማዋ የዕለት ገቢ ነበር። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ጋሪው፣ የጣቢያው ሻንጣ ተሸካሚ፣ በባቡሩ መስኮት ሥር ፍራፍሬ የምትሸጠው ሴት ሁሉም የሚያሰላው በባቡሩ መግቢያ ሰዓት ነበር። ኋላ ባቡሩ ፈጥኖ በሌሊትም መሄድ ሲጀምር፣ በጣሊያን ዘመን የመጡት ሊቶሪና የሚባሉት በሞተር የሚሄዱ የመንገደኛ ባቡሮችም ጉዞውን ሲያሳጥሩት የማደሩ ነገር ቀስ በቀስ ቀረ። መቆሙ ግን አልቀረም፤ ምክንያቱም ወርክሾፑ ነበር።

ከሕንፃው ጀርባ ያለው ወርክሾፕ

ኩባንያው የመስመሩን ዋና የጥገና ማዕከል ያቋቋመው በጅቡቲ ወይም በአዲስ አበባ ሳይሆን በድሬዳዋ ነው። አመቺነቱ ግልጽ ነው። ከባሕር ወለል ተነስቶ 1,200 ሜትር የወጣ ሎኮሞቲቭ ሌላ 470 ኪሎ ሜትር ከመጓዙ በፊት መፈተሽ አለበት። የተሰበረ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ መጠበቅ ደግሞ ባቡርን ለወራት ማቆም ማለት ስለሆነ፣ ዕቃውን እዚያው ማቅለጥ፣ መቅረጽና መሞረድ የሚችል የእጅ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። በዚህ ምክንያት በአንድ ግቢ ውስጥ የብረት ማቅለጫ፣ የቀጥቃጭ ክፍል፣ የአናጺ ክፍል፣ የቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ የሚልጥ ማሽን) ቤትና የሎኮሞቲቭ መጠገኛ አዳራሽ ተሰባሰቡ።

የሥራውን ባሕርይ ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል፤ እርሱም ጎማው ነው። የባቡር ጎማ በውስጠኛው ጠርዙ በኩል ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው የብረት ከንፈር አለው። ጥምዝ በበዛበት መስመር ላይ ይህ ከንፈር ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋጨ ይሳሳል፤ ከመጠን በላይ ሲሳሳም ሐዲዱን ወጥቶ ፉርጎውን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ፉርጎው ወይም ሎኮሞቲቩ ወደ ላይ ተነስቶ፣ ሁለቱ ጎማዎች ከነዘንጋቸው ተፈትተው ትልቁ ቶርኖ ላይ ይጫናሉ። ባለሙያው እያሽከረከረ ብረቱን ይልጠዋል፣ የከንፈሩን ቅርጽ በመለኪያ ቆርቆሮ እየፈተሸ መልሶ ያወጣዋል፣ በመጨረሻም የሁለቱን ጎማዎች የዙሪያ ልክ ያስተያያል። አንደኛው ከሌላው በጥቂቱ እንኳ ከበለጠ ዘንጉ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚጎትት፣ በአንዱ የተላጠውን ያህል ሌላውም መላጥ አለበት። ይህን ሥራ በአግባቡ ለመሥራት መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም፤ ዓይንና እጅ ለዓመታት መሠልጠን አለባቸው። ባለሙያው ያን ዕለት ሥራውን በትክክል መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው ደግሞ ከወራት በኋላ፣ መንገደኛ የሞላው ባቡር አንድ ጥምዝ ላይ ሲደርስ ነው።

እንዲህ ያለው ችሎታ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት እየተላለፈ በድሬዳዋ ውስጥ ራሱን የቻለ የሠራተኛ መደብ ፈጠረ። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር በቤቱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ ወይም ሐረሪ የሚናገር ሰው የመሣሪያውን ስምና የሥራ ትእዛዙን በፈረንሳይኛ ያውቀዋል። የምድር ባቡር ሠራተኛ ወር ጠብቆ ደመወዝ ያገኛል፣ ሕክምና አለው፣ ጡረታ አለው፤ በዚያ ዘመን ይህ በአገሪቱ ለጥቂቶች ብቻ የደረሰ ዕድል ነበር። በኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ውስጥ የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1930ዎቹ መጨረሻ ተደራጅተው ከቀዳሚዎቹ ተርታ መገኘታቸውም የሚያስገርም አይደለም። ብዙ ሰው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ደወል፣ በአንድ አሠሪ ሥር ሲሠራ መብቱን አብሮ መጠየቅን ይማራል።

በ1940ዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለናፍጣው ቦታውን መልቀቅ ሲጀምር ወርክሾፑ አልተዘጋም። የእሳት ማሞቂያ ጋን ሲጠግኑ የኖሩ እጆች ሞተር መፍታትን ተማሩ። በኋላ ዘመን፣ ለአሮጌዎቹ ሎኮሞቲቮች መለዋወጫ ከፋብሪካ ማግኘት ሲያስቸግር፣ መስመሩ በሕይወት የቆየው በዚሁ ግቢ ውስጥ በሚሠራ ዕቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጦርነት በሐዲዱ ላይ

ሐዲድ ያለበት ከተማ ጦር የሚፈልገው ከተማ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው ወደ ስደት የሄዱት በዚህ መስመር በድሬዳዋ በኩል ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላም ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የባዶሊዮ ጦርና ከደቡብ ምሥራቅ የገባው የግራዚያኒ ጦር ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ መስመሩ ለተወሰኑ ዓመታት በእንግሊዝ ጦር ቁጥጥር ሥር ቆይቶ ወደ ኩባንያው ተመለሰ። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ተሰባብረው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ ተቋረጠ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ውጊያው ከከተማዋ ደጃፍ ደረሰ፤ ድሬዳዋ አልተያዘችም። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ጥገናው እንደገና የተጀመረው ከዚያው ግቢ ነው።

ዕቃው ሲበዛ ባቡሩ የደከመበት ዘመን

የጣቢያው ውድቀት በአንድ ቀን የመጣ ስላልሆነ ምክንያቱንም በአንድ ነገር ላይ ማላከክ ተገቢ አይደለም። ጅቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ድርጅቱ በ1973 ዓ.ም. የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ። አሠራሩ በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ግን ሐዲድ ለመለወጥ፣ ሎኮሞቲቭ ለመግዛት ወይም ታሪፍ ለመቀየር የሁለት አገሮች ፈቃድና የሁለት አገሮች በጀት አብረው መገኘት ነበረባቸው፤ ይህም ሁልጊዜ የሚሳካ አልነበረም። ሐዲዱ ቀላልና ያረጀ፣ የሐዲዱ ስፋትም 1 ሜትር ብቻ በመሆኑ የሚሸከመው ጭነትም ፍጥነቱም የተወሰነ ነበር። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ መንገደኛ የጫነ ባቡር ጥምዝ ላይ ካለ ድልድይ ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች የሞቱበት አደጋ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት ከባድ አደጋዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ለድሬዳዋ ሰው ይህ ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ መስመሩ የእርሱ መስመር ነበርና።

ከሁሉ በላይ የሚያስቆጨው ግን በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ካስከተለው ለውጥ ጋር የተያያዘው ነው። የአሰብ ወደብ ሲዘጋ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ዕቃ እንዲያመላልስ የተሠራ ባቡር የሚፈልገውን ያህል ጭነት ያገኘው ያን ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን የሚሸከምበት ጉልበት አጣ። ዕቃው በከባድ መኪና በሌላው የጅቡቲ ድንበር መግቢያ በጋላፊ በኩል ሄደ፤ በዚህም ድሬዳዋ ከዋናው የጭነት መንገድ ውጭ ሆነች። ባቡሩ በመጨረሻ ዘመኑ በብዛት ሲያመላልስ የነበረው መንገደኛና ነጋዴ ሴቶች በጅቡቲ ድንበር ካለችው ከደወሌ በኩል የሚያስገቡትን ጨርቅና የቤት ዕቃ ነበር። ይህ ንግድ በሕግ ዓይን ኮንትሮባንድ ነው፤ ጉምሩክም ሲያሳድደው ኖሯል። ነገር ግን በሐዲዱ ዳር ያሉት እነ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ በሌላው ወገንም እነ ኤረር፣ አፍደምና ሙሉ ያላቸው የገበያ ዕድል ሁሉ ባቡሩ መቆሙ ብቻ ስለነበር፣ ጉዳዩ ከሕግ መጣስ የሰፋ የኑሮ ጥያቄ እንደነበረ መታወቅ አለበት።

በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው የእድሳት ሥራ እንደታሰበው ሳይዘልቅ፣ መስመሩን ለውጭ ኩባንያ ለማከራየት የተደረገው ድርድርም ፍሬ ሳያፈራ፣ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ያለው ባቡር ቆመ። ከድሬዳዋ ወደ ድንበሩ የሚሄደው ክፍል ለጥቂት ጊዜ ሲንፏቀቅ ቆይቶ እርሱም ቆመ፤ በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንደገና ቢጀመርም የቀድሞውን ያህል አልሆነም።

አዲሱ መስመርና የቀድሞው ግቢ

በቻይና ኩባንያዎች የተገነባው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውና ስፋቱ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱን የጀመረው ደግሞ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ በዚህም መስመር ላይ ጣቢያ አላት። ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ የተሠራ ነው። ለመሐንዲሱ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ሰፊ ቦታና ቀጥ ያለ መስመር ያስፈልገዋል። በጭነት በኩልም ጥቅሙ እየታየ ነው፤ ደረቅ ወደቡና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና ድሬዳዋን ወደ ቀድሞ የዕቃ ማከፋፈያነት ሥራዋ ይመልሷታል ተብሎ ይጠበቃል። መንገደኛው ግን ከባቡር ወርዶ መኪና ይዞ ነው ከተማ የሚገባው። ከዚራ ከእንግዲህ ባቡር ሲገባ የሚነቃ ሰፈር አይደለም።

አሮጌው ጣቢያ በዚህ መካከል ሕንፃው፣ ሐዲዱ፣ ፉርጎዎቹና ወርክሾፑ አንድ ላይ ሆነው መሐል ከተማ ላይ ቀርተዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ምን እንደሚገጥመው ከአዲስ አበባው ለገሃር መማር ይቻላል፤ በጣቢያው ዙሪያ ያለው ሰፊ መሬት ለትልቅ የመኖሪያና የንግድ ግንባታ ተሰጥቷል። ከተማ ሲያድግ መሬት ይወደዳል፤ መሬት ሲወደድም ዝምታ የሰፈነበት ግቢ ባዶ መስሎ ይታያል።

በእኔ እምነት በድሬዳዋ ጥበቃው መጀመር ያለበት ከወርክሾፑ ነው። የፊት ለፊቱን ሕንፃ ቀለም ቀብቶ ካፌ ወይም የፎቶ አዳራሽ ማድረግ ቀላል ነው፤ ለጎብኚም ደስ ይላል። ነገር ግን ሕንፃው ትኬት የሚሸጥበት ቤት ነበር። መስመሩን ያኖረው ሥራ የሚሠራው ከጀርባው ነው፤ የቶርኖ ማሽኖቹ፣ የማቅለጫው ቅርጾች፣ የመለኪያ ቆርቆሮዎቹና በፈረንሳይኛ የተጻፉት የሥራ መዝገቦች ለብረት ነጋዴ ከተሸጡ በኋላ ተመልሰው አይገኙም። አሮጌ ብረት በኪሎ ሲመዘን አንድ የጎማ መላጫ ቶርኖና አንድ ጥርብ ሐዲድ ልዩነት የላቸውም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ሠርቶበት የኖረው ሰው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ማሽን ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ ዛሬ ይሠራ እንደሆነ በዕድሜ ከገፉት ሠራተኞች ጋር ሆኖ መመዝገብ፣ ሥራውንም በእጃቸው ሲያሳዩ በፊልም መቅረጽ ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ የሚበቃ እውቀት በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከተማዋ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት አለ። ከዚያ ቀጥሎ የግቢው አንድ ክፍል፣ ቢያንስ የቶርኖ ቤቱ፣ ለብረታ ብረት ተማሪዎች የተግባር ማሠልጠኛ ሆኖ መከፈት ይችላል፤ የነጻ ንግድ ቀጠናውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ማሽን የሚጠግን እጅ ይፈልጋሉና። ከዚራ ዛሬ ካላት ቦታ ሁሉ ለዚህ የሚሆነው ያ ግቢ ነው፤ መሬቱ ለሌላ አገልግሎት ከመመደቡ በፊትም የከተማ አስተዳደሩ፣ የቅርስ ባለሥልጣኑና የባቡር ድርጅቱ ተቀምጠው ወሰኑን በካርታ ላይ ማስመር ይኖርባቸዋል።